የተደፈነው ጉድጓድ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጉድጓድ ሙሉ ማሽላ ነበረው፤ ሞተ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ትርንጎ የጠየቀቻቸው ግን ስለ ባንክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የደረሳት የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው። አባቷ በሬ ሸጦ ገንዘቡን አስይዟታል። የከተማቸው ባንክ ሁለት ዓመት ሳይነካ ለሚቀመጥ ገንዘብ ጥሩ ወለድ ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ሌላው ባንክ ወለዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በፈለገች ቀን በካርድ ታወጣለች። አባቷ በመጀመሪያው ሙጭጭ ብሏል። እሷ ልቧ ስላመነታ የድሮ አስተማሪዋን «የቱ ይሻለኛል፣ ጋሼ?» ብላ ልትጠይቅ መጣች። እሳቸው ደግሞ ቀጥተኛ መልስ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ቀጠሉ።

ገበሬው ቆለኛ ነበር። በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈርና ውስጡ በጭድ ይለበጣል፤ ማሽላው ይሞላና አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ተደፍኖ የቆየ ጉድጓድ ክፉ ጠባይ አለው። አንዴ ከተከፈተ እርጥበት ይገባዋልና ቶሎ ካልተራገፈ እህሉ ይሻግታል። ውስጡ የታመቀው አየር ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎረቤት ተጠርቶ ይከፈታል፤ አንድ ቀን ሙሉ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ዶሮ በቅርጫት ትወርድበታለች። ዶሮዋ በሕይወት ከወጣች ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይገባል። ይህን የማያውቅ ቆለኛ የለም፤ ገበሬውም ጠንቅቆ ያውቃል።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ልጅ ሳለ አባቱ ጉድጓዱን በየሳምንቱ ሲከፍት ማሽላው ሻግቶ፣ በዚያው ዓመት ሁለት እህቶቹ በረሃብ ሲቀበሩ አይቷል። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሰውነቱ ይርድ ነበር።

አንድ ዓመት ምርቱ ሰመረለት። ለበጋው የምትሆን ጥቂት አስቀርቶ የቀረውን ሊከት ሲል፣ እርጉዝ የነበረችው ሚስቱ «ለክረምቱም ጨምረህ አስቀር እንጂ፤ የምወልደው ክረምት ላይ ነው» አለችው።

«ቤት ያለ እህል እጅ አያርፍለትም» አላት። የቀረውን ሁሉ ከተተው፤ ደፈነው።

ሐምሌ ገባ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቤቱ ግን ባዶ ነበር። ገበሬው ከጎረቤት አንድ ቁና ማሽላ ተበደረ፤ ቀጥሎም ሌላ ቁና። መጀመሪያ ሰጡት፤ በኋላ ያሾፉበት ጀመር። «ያንተን ጉድጓድ ለማን ልታወርሰው ነው?» ይሉታል። እያፈረ ይመለሳል። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ጭቃው እንዳልተሰነጠቀ በእጁ ዳስሶ ያያል፤ ደስ ይለዋል። ረሃቡ እንኳ ያን ጊዜ ቀለል ይለው ነበር።

አንድ ቀን በቀትር ሚስቱ ጠራችው። «ጡቴ ደርቋል» አለችው። «ልጁም ማልቀሱን ትቷል።»

ይህን ሲሰማ ስልቻውን ይዞ ሮጠ። ሰማዩ ዝናብ አዝሏል። ጎረቤት ቢጠራ፣ ጉድጓዱም በወጉ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቢውል፣ ዝናቡ ገብቶ ማሽላውን ሊያበላሸው ነው። ይህን አሰበና ለማሽላው አዘነ። አፉን ገርበብ አድርጎ፣ አንድ ስልቻ ብቻ ሞልቶ፣ ወዲያው መልሶ ሊደፍነው ቆረጠ። ድንጋዩን ፈንቀል አደረገ፤ ስልቻውን በጥርሱ ነክሶ ወረደ።

አልወጣም።

ብትጠብቀው ብትጠብቀው ሲቀርባት ሚስቱ ከአራስ ቤት ተነስታ ሄደች። ኩታው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ጮኸች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ሁሉም በወጉ ሆነ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ጉድጓዱ እስከ ማግስቱ ተነፈሰ፣ ዶሮ ወረደች፣ ሰው በገመድ ገባ። ገበሬው ማሽላው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ስልቻው እኩሌታው ድረስ ሞልቶ ነበር። አራሷ ከዚያ ማሽላ አጥሚት ጠጥታ ጡቷ ተመለሰ፤ ልጁ ተረፈ፤ አባቱን ሳያውቅ አደገ።

ጋሽ ወንድይራድ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«አባትሽ ያ ገበሬ ነው። በሬውን የሸጠበት ገንዘብ እንዳይባክን ይፈራል፤ አልፈርድበትም። ሁለት ዓመት የሚዘጋው ሂሳብ ጉድጓዱ ነው። ጥሩ ጉድጓድ ነው፤ አይነቅዝም። አንቺ ግን አራሷ ነሽ። እዚያ አገር ትታመሚያለሽ፤ ደብተር ያልቅብሻል፤ የሚበላ ያጥርሻል። መጀመሪያ ጓደኞችሽ ያበድሩሻል፤ በኋላ ያሾፉብሻል። ገንዘብ እያለኝ ቸገረኝ ማለት ያሳፍርሻል። ያን ጊዜ አንድ የማታውቂው ሰው ‹እኔ አለሁልሽ› ይልሻል። አንቺም ለማንም ሳትናገሪ፣ ወገብሽን በገመድ ሳትታሰሪ፣ እንደ ገበሬው ወደማታውቂው ጉድጓድ ትወርጃለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

«ሄደሽ በሩ ላይ ካለው ባንክ ሂሳብ ክፈቺ፤ ለዓመቱ የሚበቃሽን እዚያ አስቀምጪ። የተረፈ ካለ እሱ ይደፈን። ባንክ ስትገቢም ‹ስንት ይወልዳል?› ብለሽ አትጀምሪ። ‹በቸገረኝ ቀን ይከፈታል ወይ?› ብለሽ ጀምሪ።»

«አባቴ ቢቆጣስ፣ ጋሼ?» አለች ትርንጎ።

«ይቆጣ። የገበሬውን ነገር አጫውቺውና፣ ያ ማሽላ አንድ ፍሬ እንኳ አልነቀዘም ብለሽ ንገሪው» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ ለተዝካሩ የመጣ ሰው ጠግቦ በላው በይው።»