አንድ እስር ጫት፣ ሁለት ወንድማማቾች

አንድ ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ፣ ምሕንድስና የሚያጠና፣ መስቀሌ የሚባል ልጅ። ፈተና ሲቃረብ ከግቢው በር ማዶ ካለች ቤት ገብቶ ይቅማል፣ ያጠናል፣ ያልፋል። ሲጨርስ ለጥ ብሎ ይተኛል። ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ልብ በሉ ወገኖቼ፤ ምንም አልሆነም!

ታናሽ ወንድሙ ላሬቦ እዚያው ግቢ ተመደበ። ከሁለቱ ፈጣኑ እሱ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለ አንድ ምዕራፍ አንዴ ሰምቶ በቃሉ የሚወጣ ልጅ። ግን የመጀመሪያው ፈተና አስፈራው።

«ሁሉም ይቅማል። እኔ ብቻ ወደ ኋላ ልቀር ነው» አለ።

መስቀሌ ከያዘው የጫት እስር ቀነጠሰና ሰጠው። «ያዝ። እኔን አታየኝም? ምን አደረገኝ?»

ላሬቦ ወንድሙን አየ። አመነ። ቃመ። ከወንድም በላይ ምስክር ከየት ይምጣ?

የዚያን ቀን ሦስት ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ ጨረሰ። «አላልኩህም?» ብሎ መስቀሌ ሳቀ።

ሳምንታት ሲያልፉ ግን እንቅልፍ ከላሬቦ ራቀ። ያለ ጫት መጽሐፍ መግለጥ አቃተው። ከዚያ «ከኋላዬ የተቀመጡት ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» ማለት ጀመረ። በፈተናው ቀን አንዲት መስመር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ጻፈ፤ ወረቀቱን ቀዶ ወጣ።

መስቀሌ እጁን ይዞ ሆስፒታል ወሰደው። ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ አልቻለም። ይነሳል፣ ይመለሳል፣ በሩን ያያል። በመጨረሻ ሐኪሟ ጠራችው።

«ከቤተሰባችሁ አእምሮውን የታመመ ሰው አለ?»

የእናቱ አጎት ትዝ አሉት። ብቻቸውን እያወሩ የሚሄዱ፣ ስማቸው ቤት ውስጥ የማይነሳ ሰው። «አሉ» አለ። «ግን ዶክተር፣ አብረን ነው የቃምነው። ከአንድ እስር! ለምን እሱ ብቻ?»

«ከአንድ እናት ብትወለዱም በዘር የወረሳችሁት አንድ አይደለም» አለችው። «አንተን ያለፈህ ነገር እሱን ላያልፈው ይችላል። ማን እንደሚጎዳ ደግሞ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።»

መስቀሌ ወደ ቤት ሄደ። እናቱ ኤርጎጌ ባቄላ ትለቅም ነበር። ተቀመጥ ብትለው እምቢ ብሎ እንደቆመ ነገራት።

«ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እጇ ባቄላው ላይ ቀረ። «ልጆች ሳላችሁ እንቁላል ፊቱን ያሳብጠው ነበር፣ ታስታውሳለህ? አንተ ትበላለህ፤ ምንም አትሆንም። የእሱን ግን ማንም ሳያዝህ ከሳህኑ ላይ ታነሳለት ነበር። ያኔ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ ልጄ።»

መስቀሌ ያን ጊዜ ተቀመጠ። አለቀሰ።

ላሬቦ ታከመ። አንድ ዓመት አቋርጦ ተመለሰ። አሁን አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ወንድሙም አጠገቡ ይቀመጣል። መስቀሌ ጫት ትቷል። ጓደኞቹ «አንተን ምን አደረገህና ተውክ?» ይሉታል። «እኔንማ ምንም» ይላቸዋል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለወደቁት አይደለም። ምንም ላልሆናችሁት ነው። እናንተ ብርቱዎች! ጠጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ቤታችሁ የምትገቡ፣ ቅማችሁ ሥራችሁን የማታጓድሉ፣ «እኔ ራሴን አውቃለሁ» የምትሉ። እውነት ነው፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠውንስ? ከአያቱ፣ ከቅድመ አያቱ ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃላችሁ? እሱ ራሱስ ያውቃል?

የእናንተን ጤና አይቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው አለ። ልጃችሁ ይሆናል። የሥራ ባልደረባችሁ ይሆናል። «ተው» ብላችሁት አይሰማችሁ ይሆናል፤ እናንተ ስትተዉ ግን ያያል።

ማን እንደሆነ አሁን ወደ ልባችሁ መጥቷል አይደል? ታዲያ ከዚህ ስትወጡ ወደ ማን ትሄዳላችሁ?