የጓሳው ባና

በአንድ ወቅት፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ከሚባለው ሣራም ተራራ ግርጌ፣ አቶ አንዳርጌ የሚባሉ ባና ሠሪ ነበሩ። ባና ከበግ ጸጉር የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ እዚያ አገር ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋም። አቶ አንዳርጌ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። መሬታቸው ጠባብ ነበር። ቤቱን ያቆመው የሽመና ዕቃቸው ነው፤ እሱም ከአንድ ሠራተኛ በላይ አያኖርም።

«እኔ ከእንግዲህ ጓሳን ወጥቼ አላየውም» አሉ። «ጓሳን ባና ላይ አድርጎ ያመጣልኝ ዕቃውን ይወርሳል። የቀሩት ሁለቱ ሌላ አገር ሄደው እንጀራቸውን ይፈልጉ። ቀለም የተነከረ ጸጉር ግን እንዳላይ። በጓ ይዛው የተወለደችው ቀለም ይበቃል።»

ችግሩ፣ የቤቱ በጎች ጸጉር ለአንድ ባና እንጂ ለሦስት አይበቃም። ስለዚህ ሦስቱ ተፎካካሪዎች አንዲት ባና ላይ ተረባረቡ።

መካከለኛዋ ልጅ ውድነሽ ፈታይ ነበረች። ገበያ የሚወደው ነጭና ጥቁር በግ ነው። እሷ ግን ድሮም ዳለቻውን፣ ቡላውን፣ ዳማውን ግልገል «አትሽጡብኝ» እያለች ቤተሰቡን ስታሰለች የኖረች ናት። አሁን ደግሞ በየማለዳው የጸጉር ቁንጥር ይዛ ጓሳ ትወጣለች፤ ከሣሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከጅብራው ቅጠል ጋር ታስተያየዋለች። ካልገጠመላት የሁለት በግ ጸጉር ቀላቅላ እንደገና ትፈትላለች። ጓሳ ላይ ለምትኖረው ቀይ ቀበሮ ጀርባ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ፈተለች። በአምስተኛው ወር አሥራ ሰባት የክር ድውር ለታላቅ ወንድሟ አስረከበች።

«ከግርጌው ወደ ጫፉ ነው የደረደርኩት። ቅደም ተከተሉን እንዳትነካብኝ።»

በዚያ አገር ሴት ሽመና ላይ ስለማትቀመጥ ሥራው የበኩሩ የሸዋንግዛው ሆነ። ሸዋንግዛው ጓሳ አልወጣም። «ተራራው የትም አይሄድም፤ ክር ግን ዘወር ካሉለት ይላላል» አለ። ሁለት ወር ሸመነ። አንዲት ክር ከላላችበት አንድ ክንድ ሙሉ ይፈታና እንደገና ይጀምራል። ሲጨርስ መስመሮቹ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስሉ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ውድነሽ።

«ሽመና ነው።»

«ጓሳ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

«አልወጣሁም አልኩሽ እኮ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

የቀረው መርገጥ ነው። አዲስ ባና ፍል ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ይረገጣል፤ ያኔ ይሰበሰብና ብርድ የማያስገባ ይሆናል። አንድ ክንድ ሲያጥር ይቆማል። ይህ የትንሹ ልጅ የደምሴ ሥራ ነበር። ሸዋንግዛው ስለማያምነው መለኪያ በትር ቆርጦ ሰጠው፣ አስማለውም። ደምሴ ግን ማገዶ ሲያልቅበት በትሩን ከምድጃው ጨመረው፤ ከዚያም ከጠዋት እስከ ማታ ረገጠ። ባናዋ ሁለት ክንድ ተኩል አጠረች፤ መስመሮቹም እርስ በርሳቸው ተዋዋጡ።

«ምን አደረግህ?» አለ ሸዋንግዛው።

«ረሳሁት።»

ውድነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሸዋንግዛው ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ።

በማግስቱ አቶ አንዳርጌ ባናዋ ከድንጋይ አጥሩ ላይ ተሰጥታ አገኟት። ሣሩ ጉም ውስጥ ገብቷል፤ ድንጋዩ ግማሹ ብቅ ብሏል፤ የቀበሮዋ ቅላት ታየ ሲሉት ይጠፋል። ጠጋ ብለው አዩአት፣ ራቅ ብለው አዩአት።

«ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጓሳ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ራሱ ነው።»

«እኔማ አውቄ ነው» አለ ደምሴ ቶሎ ብሎ። «የእርሻ ትልም መስሎ ስላስጠላኝ ነው ዝም ብዬ የረገጥኩት።»

«ትናንት ረሳሁት አላልክም?» አለ ሸዋንግዛው።

«ልትመቱኝ ስለነበር ነዋ።»

እውነቱን ይሁን ውሸቱን፣ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አባታቸው ራስጌ ተጨቃጨቁ። ውድነሽ፣ ያለ እሷ ክር እዚያ ባና ላይ አንድም የጓሳ ቀለም እንደማይኖር ተናገረች። ሸዋንግዛው አንድ የታወቀ ሸማኔ ጠርቶ አስመሰከረ፤ ሰውዬውም ሽመናው ልል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሲረገጥ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይበጣጠስ እንደነበር መሰከረ። ደምሴ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባዬ ጓሳን ያዩት እኔ ከረገጥኩት በኋላ ነው።»

«ለመሆኑ ዕቃውን ብትወስጂ ምን ታደርጊበታለሽ?» አላት ሸዋንግዛው እህቱን።

«እቀመጥበታለሁ። የሚሠራው በእጅና በእግር ነው፤ ሁለቱም አሉኝ።»

«በቃ» አሉ አቶ አንዳርጌ። «አርባ ዓመት ስሸምን እንደዚች ባና ያደከመኝ የለም። ነገ ጠዋት የሚሄዱት ሁለቱ ስንቃቸውን ቋጥረው ይጠብቁኝ።»

ጠዋት በሩ ላይ ስድስት የስንቅ ቋጠሮ ተደርድሮ አገኙ። ሦስቱም ለየራሳቸው አልቋጠሩም፤ እያንዳንዱ ለሁለቱ ሌሎች ነበር የቋጠረው።

አቶ አንዳርጌ ቋጠሮዎቹን ቆጠሩ፤ ልጆቻቸውን አዩ። ከዚያ ባናዋን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ ይጠይቁ ጀመር። አንዱ የሚፈርደውን ሌላው ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ቀለሙን ፈልጋ ያገኘችው አለች፤ እንዳይበጠስ አድርጎ የሠራው አለ፤ አውቆም ይሁን ረስቶ ተራራውን ያወጣው አለ። አንዱ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ይሄዳሉ። እርስዎ በዚያ መንገድ ቢያልፉና ሽማግሌው ቢያስቆሙዎት፣ ዕቃው የሚገባው ለማን ነው ይሏቸዋል?