መንገድ የለቀቀው ተከላካይ

እንግዲህ አንዲት የጉልት ቸርቻሪ ነበረች፣ ምላሷ የምትሸጠውን ሽንኩርት ራሱን የሚያስለቅስ። ልጇ ምህረቱ ከአስራ ሰባት ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ለመግባት ተከላካይ ሆኖ ተሞከረና በማግስቱ ተቀነሰ። ልጁ አልበላም ብሎ ሲተኛባት ነጠላዋን አጣፍታ አሰልጣኙ ዘንድ ሄደች።

አሰልጣኙ ወላጆች በተሰበሰቡበት ቦርጩን ነፍቶ፣ “ልጅሽ ፈሪ ነው” አላት። “አጥቂያችን ሲመጣበት ዞር ብሎ አሳለፈው። እንዲህ ያለ ተከላካይ የት አገር አለ? መልስ ካለሽ ተናገሪ፣ ከሌለሽ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ።”

ሴትዮዋ ከአሰልጣኙ ጎን የቆመውን አጥቂ አየት አደረገችው። ጠዋት የተላጨው ጢም እስከ ቀትር መልሶ በቅሏል።

“ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ” አለች። “ለታላቅ መንገድ ልቀቅ እያልኩ ነው ያሳደግኩት።”

ወላጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አሰልጣኙ የአንገቱ ስር ተገታትሮ፣ “ምን ታላቅ አለ! እኩያው ነው፣ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው” አለ።

“እሰይ፤ እንግዲያው ልጄን ይመልሱትና፣ እኩያህ ነው፣ ግጠመው ብለው እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔን አያምነኝም። ባለፈው እሁድ የዚህን የእኩያውን ሁለተኛ ልጅ ክርስትና አብረን በልተናል።”