ምንም ያልቀነሱት ባለ ጭማቂ ቤት

ወይዘሮ ይመናሹ የሚባሉ መልስ የማያጡ ባለ ጭማቂ ቤት ነበሩ። አንድ ቀን የከተማው የጽዳት ኃላፊ ትንንሽ ነጋዴዎችን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ ማን ምን ያህል ቆሻሻ እንደቀነሰ ያስመዘግቡ ጀመር። ያልቀነሰ ሰው የንግድ ፈቃዱ አይታደስም።

«እርስዎ አምና ምን ያህል ጣሉ?» ሲሉ ወይዘሮ ይመናሹን ጠየቋቸው።

«ምንም። ልጣጩን ሁሉ የጎረቤት ላሞች ይበሉታል።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ምንም።»

«እንግዲያው ምንም አልቀነሱማ! ቦዩን በቆሻሻ ሞልቶ የነበረው ባለ ሥጋ ቤት እንኳ ዘንድሮ በግማሽ ቀንሶ ተሸልሟል። እርስዎ መሻሻል ስላላሳዩ ፈቃድዎ አይታደስም» አሉ ኃላፊው ቆጣ ብለው።

ወይዘሮ ይመናሹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ለመሆኑ እርስዎ አምና ምን ያህል ጉቦ በሉ?»

ኃላፊው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ምን አሉ? እኔ ጉቦ በልቼ አላውቅም!»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም አልበላሁም!»

«አዬ! እርስዎም እንደኔው መሻሻል አላሳዩም ማለት ነው። በሉ ዛሬውኑ መብላት ይጀምሩና ለከርሞ ቀንሰው ይሸለሙ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ ፈቃዱን እዚያው አደሱላቸው።