ሲጠሩት የሚመጣው ውሻ

በድሮ ዘመን፣ የመኪናው መንገድ ገና ሳይጠረግ፣ የጎርፎ ወንዝ በጋ ከክረምት ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ መንደር ነበር። በዚያ መንደር ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ልጆቼ፣ ሦስቱን ልብ በሉ።

አንደኛዋ እማማ ትርንጎ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው የማያልቅ ሴት። ሁለተኛው ውቤ ነው፤ ምላሱ ማር የሚያንጠባጥብ ጮሌ። ሦስተኛው ይርዳው ነው፤ ደግ ገበሬ፣ ግን የሰው ወሬ የሚያሸንፈው። ተረቱ የይርዳው ነውና ከእሱ ጋር እንሂድ።

ይርዳው ቡላ የሚባል ውሻ ነበረው። ቡላ የተባለው በመልኩ ነው፤ ጸጉሩ የደረቀ ሣር ይመስላል። ቡችላ ሳለ ይርዳው ከወንዝ ዳር አግኝቶ፣ በጋቢው ጠቅልሎ፣ ወተት በጣቱ እያላሰ አሳደገው። ይርዳው ሲያርስ ቡላ ይከተለዋል። ይርዳው ሲያርፍ ቡላ ያርፋል። ይርዳው ሲስቅ ቡላ ጅራቱን ይቆላል።

የዚያን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት ያምር ነበር፣ ልጆቼ። ጤዛው ሳይረግፍ ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን በገመድ ይዞ ወደ እማማ ትርንጎ ሜዳ ይወርዳል። ትምህርት ቤት በሉት፤ ብቻ ተማሪዎቹ አራት እግር አላቸው።

እማማ ትርንጎ ሦስት ነገር ያስተምሩ ነበር። ሲጠሩት መምጣት። ሲሉት ቁጭ ብሎ መጠበቅ። መሬት የወደቀ ምግብ «ተው» ሲሉት መተው። የመጨረሻው ለምንድን ነው ብትሉ፣ በዚያ አገር ለጅብ ተብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየጥሻው ይጣል ነበር፤ ስንቱ ውሻ በእሱ አልቋል።

ለባለቤቶቹም ትምህርት ነበራቸው። መዥገሩን ከጆሮው ሥር ልቀሙለት ይላሉ። ውሃውን ጠዋት ጠዋት ለውጡለት ይላሉ። የዶሮ አጥንት አትስጡት፣ ጉሮሮውን ይወጋዋል ይላሉ። ዱላ ግን በሜዳቸው አይገባም ነበር። ዱላ የያዘ ሰው ከበሩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባ።

ቡላ ከሦስቱ ትምህርት አንዱን እንደ ተማረ፣ ሲጠሩት መምጣትን እንዳወቀ፣ የበቆሎ እሸት ደረሰና ዝንጀሮ ወረደ። ዝንጀሮው የይርዳውን በቆሎ እየገነጠለ ሲበላ ቡላ ጠጋ ብሎ ጅራቱን ቆላለት። ጎረቤት አየና ሳቀ። ወፍጮ ቤት ተሳቀ። ገበያ ላይም ተሳቀ።

በሦስተኛው ሳቅ ማግስት ውቤ መጣ።

«ይርዳው ወንድሜ፣ ትርንጎ ጋ ዓመት ይፈጃል። እኔ ጋ ሦስት ቀን ነው» አለው።

«በሦስት ቀን ምን ይሆናል?»

«ነብር ይሆናል። ዝንጀሮ ያባርራል፣ ሌባ ያባርራል፣ ሰይጣንም ቢመጣ ያባርራል።»

ይርዳው የወሬው ነገር አሸነፈውና ቡላን አስረከበ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ውቤ አጥር ሄደ። ከጓሮ የቡላን ልቅሶ ሰማ። «ስሙን እንዳትጠራ፤ ትምህርቱ ይበላሻል» አለው ውቤ። ይርዳው ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን ሄደ። ምንም ድምፅ የለም። «ዝም አለ አይደል? ገብቶታል ማለት ነው» አለው ውቤ። ይርዳው ተመለሰ፤ ምሳውን ግን አልበላም።

በሦስተኛው ቀን ውቤ ቡላን በሰንሰለት ጎትቶ አወጣው። ውቤ በርበሬ ያጎረሰው አፉ አብጧል። ዓይኑ ቀልቷል። ጎኑ ላይ አጥንቱ ይቆጠራል። ያየውን ሁሉ ጥርሱን እያሳየ ያጉረመርማል።

እውነት ለመናገር ዝንጀሮዎቹ ሸሹ። ጎረቤትም አደነቀ፤ አንዳንዱም የራሱን ውሻ ወደ ውቤ ወሰደ። ይርዳው በዚያ ቀን ኮራ፤ ኩራቱ ግን እስኪመሽ እንኳ አልቆየም። ማታ ራቱን ይዞ «ቡላ፣ ና» ብሎ ሊዳብሰው እጁን ሲዘረጋ ቡላ ተንቀጥቅጦ ከሣር ክምሩ ኋላ ገባ። አንዴ ጠራው፣ አልመጣም። ሁለቴ ጠራው፣ አልመጣም። ሦስቴ ጠራው፣ አልመጣም።

ይርዳው እጁን ገልብጦ አየው። ዱላ አልያዘም። ቡላ የሸሸው ከባዶ እጅ ነው።

በማግስቱ ይርዳው ቡላን በገመድ ይዞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እማማ ትርንጎ ደጃፍ ቆመ። አሮጊቷ ውሻውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«ውቤ ጋ ሄደህ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አፍረሃል?»

«አፍሬያለሁ።»

«እፍረቱን እዚያው ተወው፤ ለውሻው አይረባውም። ይልቅ ለብ ያለ ውሃ አምጣልኝ።»

ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ አጠቡለት። ከጆሮው ሥር ሰባት መዥገር ለቀሙለት። የተራበ ሆድ በአንዴ አይሞላም ብለው ለስላሳ ገንፎ በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጠው ነገሩት።

«ስትጠራው አትከተለው» አሉት። «ከፊቱ አትገተር። አትጩህበት። ጀርባህን ስጠው፣ ቁጢጥ በል፣ ቀስ ብለህ ስሙን ጥራና ጠብቅ።»

«ባይመጣስ?»

«ነገም ትጠራዋለህ።»

«ነገም ባይመጣስ?»

«ከነገ ወዲያ ምን ሥራ አለህ?» አሉት እማማ ትርንጎ።

ይርዳው በየቀኑ፣ ከእርሻ ሲመለስ፣ በግቢው መካከል ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ይል ጀመር። ጎረቤት በአጥር አጮልቆ አይቶ ሳቀ። በዚህ ጊዜ ግን ይርዳው ሳቁን አልሰማውም፤ ጆሮው ያለው ከኋላው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቡላ ከክምሩ ሥር አልወጣም። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ መንገድ መጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ከይርዳው መዳፍ ላይ ቁራጭ ቋንጣ ላፍ አድርጎ ሮጠ። ይርዳው መዳፉ ላይ የቀረውን እርጥበት አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ቀትር ላይ ከወንዙ ራስጌ ጩኸት ተሰማ።

«እብድ ውሻ ወረደ፤ ውሾቻችሁን አስገቡ፤ ልጆቻችሁን አስገቡ።»

ያን ጊዜ ልጆቼ፣ በእብድ ውሻ ለተነከሰ መድኃኒት አልነበረም። ለውሻም አልነበረም፣ ለሰውም አልነበረም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ውሻውን መጥራት ጀመረ።

የእማማ ትርንጎ ተማሪዎች ባሉበት ጆሯቸውን አቆሙ። ከወንዝ የነበረው ከወንዝ መጣ፣ ከሜዳ የነበረው ከሜዳ መጣ፣ አጥንት ይዞ የነበረው አጥንቱን ጥሎ መጣ። በር ተዘጋባቸው፣ ተረፉ። የውቤ ተማሪዎች ግን የጌቶቻቸው ድምፅ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ሸሹ። ለእነሱ ጩኸት ማለት ዱላ ነበርና።

ቡላ ከበቆሎው ዳር ቆሞ ነበር። ከላይ በኩል እብዱ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንገዳገደ ይወርዳል። ይርዳው ከቤቱ ደጃፍ ሁለቱንም አያቸው። እግሩ ሩጥ ሩጥ አለው። ጉሮሮው ጩህ ጩህ አለው። ቢሮጥ ቡላ እንደሚሸሽ አወቀ፤ የሚሸሸውም ወደ እብዱ ውሻ ነው።

ስለዚህ ጀርባውን አዞረ። ለቡላም ጀርባውን ሰጠ፣ ለእብዱም ውሻ ጀርባውን ሰጠ። ቁጢጥ አለ።

«ቡላ» አለ ቀስ ብሎ። «ና፣ ልጄ።»

ምንም የለም። ከሩቅ የሴቶች ጩኸት ይሰማዋል። «ቡላ፣ ና» አለ እንደገና። ከኋላው ሣር ኮሽ አለ። የየትኛው ውሻ ኮቴ እንደሆነ አላወቀም። ዞሮ ማየት ፈለገ፤ አልዞረም። «ና፣ ቡላዬ» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

እርጥብ አፍንጫ ማጅራቱን ነካው።

ይርዳው ቡላን አቅፎ ወደ ቤት ዘሎ ገባና በሩን በትከሻው ዘጋው። ወዲያው ከውጭ ጥፍር በሩን ቧጨረ፣ ከዚያ አለፈ። ይርዳውና ቡላ ጨለማው ውስጥ ተቃቅፈው ተቀመጡ፤ የማን ልብ እንደሚመታ አይለይም ነበር።

እብዱን ውሻ ጎበዞች ከወንዙ መሻገሪያ ላይ በጦር ገደሉት። ውቤ ካስተማራቸው ውሾች ግን አምስቱ ተነክሰው ነበር። ውሾቹ ምን እንደተደረጉ አልነግራችሁም፤ በዚያ ሳምንት በአምስት ቤት ለቅሶ ነበር ብላችሁ እለፉት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ውቤም ቀረበ። «ውሾቹ ናቸው ደንቆሮ፤ እኔ በደንብ አስተምሬያለሁ» አለ።

አባ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ «እንግዲያስ የራስህን ውሻ ጥራልን» አሉት።

ውቤ ውሻውን ጠራ። ውሻው ጅራቱን ወሸቀ። ሁለተኛ ጠራ። ውሻው በሆዱ ተሳበ። ሦስተኛ ጠራ። ውሻው ዞሮ ገደል ለገደል ሸሸ። ውቤም ያን ጊዜ ብቻ አንገቱን ደፋ።

እንዲህም ተፈረደበት። ዳግመኛ በውሻ ላይ ዱላ አያነሣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእማማ ትርንጎ ተማሪዎች ውሃ ይቀዳል። ውሃ የሚቀዳውም ያ የሸሸው ውሻው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ እጁን እስኪልሰው ድረስ ነው። አንዳንዱ ሰባት ዓመት ፈጀበት ይላል። አያቴ ግን ዘጠኝ ነው ይሉ ነበር።

ቡላ የቀሩትን ሁለት ትምህርቶች ጨረሰ። ዝንጀሮ ሲያይ መጮህንም ተማረ፤ ሲጠሩት ደግሞ ትቶ ይመጣል። ብዙ ዓመት ኖረ። አፉ ዙሪያው ነጣ፣ እግሩ ደከመ። መራመድ ባቃተው ጊዜ ይርዳው ቅዳሜ ቅዳሜ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሜዳው ያወርደው ነበር። ጥላ ሥር ያስተኛዋል፤ ቡላም የቡችሎቹን ጫጫታ እየሰማ ያንቀላፋል።

ያ ሜዳ ዛሬ የለም። መንገዱ በላዩ አለፈ፣ ወፍጮ ቤትና ሱቅ ተሠራበት። እማማ ትርንጎንም የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። የዚያን ቅዳሜ የጤዛ ሽታ፣ የያኔውን የሰዉንና የውሻውን አንድነት ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ዛሬማ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለ። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡት። ንጹሕ ውሃ ስጡት። መዥገሩን ልቀሙለት። ሌላውን ደግሞ ከይርዳው ተማሩ፦ እንስሳን ማስፈራት ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ እንዲያምናችሁ ማድረግ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ በክፉ ቀን የሚያድነው ደግሞ ያ እምነት ብቻ ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ ደከማትና አረፈች። የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ፤ እኔም ትንፋሼን ልሰብስብ።