ቀበሮ ያወዳደረቻቸው ጫማዎች

አንድ ጊዜ ከአናቱ እስከ ግርጌው አስፋልት በተነጠፈበት ተራራ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል፤ ትተዉት የሄዱት ግን አንድ ቁም ነገር ነበር፤ ስኬትቦርድ። ባለ አራት ጎማ ሳንቃ ነው። እግር እንዳያዳልጥ ከላዩ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበታል። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ አንድ ይደርሰዋል፤ ቆመውበት ቁልቁል ይነዱታል።

ለጨዋታ የሚነዱት እንዳይመስላችሁ። በጋ ሲገባ የተራራው ሣር ይደርቃል፤ ለምለሙ መስክ ያለው ደግሞ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ነው። ወደዚያ የሚያወርደው መንገድ ይህ አስፋልት ብቻ ሲሆን መሀሉ ላይ ድንገት ይጠመዘዛል። ከመጠምዘዣው ሥር ባለው ገደል ውስጥ አያ ጅቦ ከነቤተሰቡ ይኖራል። በእግሩ የወረደ ይበላል። በስኬትቦርድ የወረደ ግን አያ ጅቦ ብድግ ከማለቱ በፊት እልፍ ይላል። መጠምዘዣው ላይ የወደቀስ? የወደቀውማ የአያ ጅቦ ነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ገደሉን ስለሚሞላው ጅቦቹ አገር ይለቃሉ፤ እንስሳቱም ያን ጊዜ ሣራቸውን እየነጩ በእግራቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ በዚያ አገር ጫማ መምረጥ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር ለማን አደራ ሰጡት? ለቀበሮ! ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እመት ቀበሮ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ጫማ ለቃቅማ ዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። ሦስት ዓይነት ነበር። አንዱ ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ ነው። ሁለተኛው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ባለ ረጅም አንገት የቆዳ ጫማ ነው። ሦስተኛው ሶሉ እንደ ትራስ የወፈረ፣ ጎኑ ላይ ወርቃማ መስመር ያለበት ነው።

እንስሳቱ ጫማ ሊመርጡ በሚሰበሰቡበት ዋዜማ ቀበሮ ገደሉ ድረስ ወርዳ ነበር።

«አያ ጅቦ» አለችው፣ «መጠምዘዣው ላይ እግር ሳንቃውን ካላወቀው ይወድቃል። ወፍራም ሶል ያደረገ እግር ደግሞ ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም። እኔ ወፍራሙን አስወድዳለሁ፤ የወደቀውን አንተ ትበላለህ፤ ጉበቱ የኔ።»

«ኩላሊቱንም ልጨምርልሽ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ብቻ አጥንቱን እንዳትነኪብኝ!»

በማግስቱ እንስሳቱ ተሰበሰቡ። ቀበሮ ድንጋይ ላይ ወጥታ በዘንግ ጫማዎቹን እያመለከተች ትናገር ጀመር።

«ወገኖቼ! ሦስቱንም አወዳድሬ ጨርሻለሁ። ይሄ ሸራ የድሃ ጫማ ነው፤ ዐይን አይሞላም። ይሄ ባለ ረጅም አንገቱ እግር ያፍናል። ይሄኛውን እዩልኝ! ወፍራም! ለስላሳ! ሲያብረቀርቅ እዩት! ላምም ሁን ፍየል፣ ለሁሉም እግር ከዚህ የሚበልጥ የለም። ደግሞ በነጻ ነው!»

«በነጻ!» ብለው ተንጫጩ።

ቀበሮ በነጻ ስትሰጥ «ለምን?» የሚል አንድ አፍ እንዴት ይጠፋል? ጠፋ! ያ ሁሉ ጆሮ የተሸከመ ጉባኤ ወርቃማውን መስመር ሲያይ ጊዜ አፉን ከፍቶ ቀረ።

መጀመሪያ ወፍራሙን አድርጋ ሳንቃው ላይ የወጣችው እመት በግ ነበረች። ወጣችና ተወዛወዘች።

«እመት ቀበሮ፣ እግሬ እኮ ምንም አይታወቀኝም» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«ምቾት ማለት እሱ ነው እኮ! ሂጂ!» አለቻት ቀበሮ።

ሄደች። መጠምዘዣው ላይ ሳንቃው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እሷ ወደ ግራ ዘመመች፤ ሳንቃው ብቻውን ወረደ። ጅቦቹ የመውደቋን ድምፅ ሰምተው ወጡ። ከእመት በግ የተረፈው እሾህ ላይ የቀረ ትንሽ ጠጉር ብቻ ነበር።

እንስሳቱ እሪ አሉ። ቀበሮ ግን ዐይኗን እንኳ ሳታርገበግብ «ክሩን አላጠበቀችማ!» አለች። «ስንቴ ነገርኳት! ጫማው ምን በደለ?»

እና አመኗት! «እውነት ነው፣ በግ ድሮም ዝርክርክ ናት» አለች ላም። «ክር ማሰር የማታውቅ» አለ ፍየሉ። ትናንት አብረዋት ሲግጡ የነበሩ ናቸው እንዲህ የሚሉት። አፍ የሌለውን ሬሳ መክሰስ ለካ እንዲህ ይቀላል!

ተራው የእመት አህያ ሆነ። እመት አህያ ሶሉ የሳሳ አሮጌ ሸራ ጫማ ነበራት፤ አምስት በጋ በእሱ ዓይነት ወርዳ አንድም ቀን አልወደቀችም። ቀበሮ ግን አዲሱን ወፍራም ጫማ ፊቷ አስቀመጠችላት።

«ያንን ቡትቶ አውልቂና ይሄን አድርጊ። አገር ሁሉ አድርጎ አንቺ ብቻ ታሳፍሪናለሽ።»

እንስሳቱ ሳቁ። የአህያ ባልም አንገቱን ደፍቶ «የኔ እመቤት፣ ሁሉ ያደረገውን ብታደርጊ ምን አለበት? አገር ምን ይለናል?» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

እመት አህያ ጫማውን በአፍንጫዋ ገፋችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እመት ቀበሮ። አንቺ ለመሆኑ እዚህ ሳንቃ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ አወዳዳሪ ነኝ እንጂ ነጂ አይደለሁም» አለች ቀበሮ ጭራዋን ነስንሳ።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ!» አለች አህያ፤ ጆሮዎቿ በንዴት ቀጥ ብለው ቆሙ። «እመት በግ ክሩን አላጠበቀችም አልሽ። ክሩን በጥርሴ ያሰርኩላት እኔ ነኝ! ሁለት ጊዜ ነው የቋጠርኩላት! እናንተስ፣ ሟቿን ስታሟት የነበራችሁ፣ አታፍሩም? ከናንተ መሀል እግሩን አስገብቶ የሞከረ ማን አለ? ወፍራሙ ከትልቅ ድንጋይ ለምትዘል ጦጣ ይሆናል፤ ስታርፍ ተረከዟን ያድንላታል። ባለ ረጅም አንገቱ እግሩ ቶሎ ወለም ለሚለው ፍየል ይሆናል። የኔን ሸራ ብርጭቆ ወረቀቱ እየበላው በየዓመቱ ይቀደዳል፤ አልዋሽም። ግን መጠምዘዣው ላይ ሳንቃው ወዴት እንዳዘነበለ ሰኮናዬ ቶሎ ያውቃል። ለሁሉም እግር አንድ ጫማ የሚባል ነገር የለም!»



«ለሰዎች ድግስ ውሃና እንጨት ተሸክሜ ስንት ደጅ ቆሜያለሁ» አለች አህያ ቀጥላ። «ጠጅ አሳላፊው እንግዳውን ከማጠጣቱ በፊት ከጠጁ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። አንቺም ያቀረብሽልንን ቅመሽው! ወፍራሙን አድርገሽ ቅደሚ፤ እኔም አድርጌ እከተልሻለሁ።»

«ትቅመስ! ትቅመስ!» አሉ እንስሳቱ።

«እኔ እንኳ… ዛሬ ወገቤን ጠዝጥዞኝ ነው ያደረው» አለች ቀበሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

ይሄኔ ከድንጋይ ጀርባ አያ ጅቦ ብቅ አለ። በዚያ ቀን አህያም እንደምትወርድ ሰምቶ ገደሉ ውስጥ መቆየት አቅቶት ከማለዳ ጀምሮ ተደብቆ ነበር። እንስሳቱ ሊበተኑ ሲሉ «አትፍሩ፣ ዛሬ በሽምግልና ነው የመጣሁት!» አለ። «ከሁሉ የሚበልጠውን ጫማ የሚያማው ማን ነው? ጫማውን አምጡት፣ እኔ እቀምሰዋለሁ! እኔ ከወረድኩ እሷ ልትከተል ቃሏን ሰጥታለች፤ ሰምታችኋል!»

ቀበሮ ጠቀሰችው፤ አልገባውም። አሳለች፤ አልሰማም።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይቅርብህ» አለችው።

«እንዴ! ለሁሉም እግር ከዚህ የሚበልጥ የለም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ይህን ውሸት አብሯት የዶለተው ራሱ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያወድሰው ሰምቶ ግን እሱም አመነው። አራት እግሩን ዘርግቶ ጫማዎቹን አስገባና «በይ ክሩን አጥብቀሽ እሰሪልኝ፤ እመት በግን የጣላት እሱ ነው አሉ» አላት።

«ይጥልሃል» ብትለው ይድን ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ግን ጉባኤው ሁሉ ይሰማታል። ቀበሮ አጎንብሳ ክሩን አራቱም እግሩ ላይ ግጥም አድርጋ አሰረች፤ አንድ ቃልም አልተነፈሰችም። ከውሸቷ ሁሉ እኔን ያንገበገበኝ ይህ ዝምታዋ ነው፤ ለሸሪኳ እንኳ አልሆነችም።

«ደመና ላይ የቆምኩ መሰለኝ!» እያለ አያ ጅቦ ወረደ። መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ ሳንቃው ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ። ተንከባሎ ገደሉ ውስጥ ወደቀ። ሚስቱና ልጆቹ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ጥርሳቸውን አግጠው ወጡ፤ ማን ነው ብለው አልጠየቁም።

«ኧረ እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ተራራው ላይ ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞረ። እሷም ልማድ ሆኖባት «ክሩን አላጠ—» ብላ ጀመረችና ዋጠችው።

«ጨርሺዋ!» አለች አህያ። «ክሩን ያሰርሽው አንቺ!»

ፍየሉ ቀንዱን አዘቀዘቀ፤ ላሟም ኮቴዋን መሬት ላይ መታች። ቀበሮ ዘንጓን ጥላ በባዶ እግሯ በተራራው ጀርባ ሸሸች፤ ወፍራሙን ጫማ ለማድረግ ግን አልሞከረችም። እንስሳቱም ጫማዎቹን ከዋርካው አውርደው እያንዳንዱ በየእግሩ እየለካ፣ ሜዳ ላይ ሳንቃው ላይ እየወጣ ይሞክር ጀመር። ወፍራሙን ጦጣ ወሰደች፤ ባለ ረጅም አንገቱን ፍየል። የአህያ ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሸራ በእኔ ልክ ይገኝ ይሆን?» አለ።

እመት አህያ ጅቦቹ አንገታቸውን ደፍተው የወደቀላቸውን ሲበሉ በአሮጌው ሸራ ጫማዋ ወረደች። መጠምዘዣው ላይ ስትደርስ እሾሁ ላይ የቀረውን የእመት በግን ጠጉር አየች፤ እንባዋን ግን ለምለሙ መስክ ደርሳ ከሳንቃው እስክትወርድ ድረስ ያዘችው።

ከዚህ የምንማረው፣ እግሩን ሳያስገባ «ለሁላችሁም ይሄ ይበልጣል» የሚለን ሲመጣ፣ አንድ የዋህ ከመውደቁ በፊት «እስቲ መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» ማለት እንዳለብን ነው።