ለጌታው አልከፈት ያለው ፋይል

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የፋይል በረት ነው። በረቱን የሠራውም፣ የቀረቀረውም፣ ውጭ የቀረውም አንድ ሰው ነው።

ሰውየው ጠበቃ ስንሻው ይባላል፤ የራሱ የጥብቅና ቢሮ አለው። ምላሱ ችሎት ፊት ታበላዋለች፣ እድር ድንኳን ውስጥ ታዋርደዋለች። ይህን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ እታገኝ ልጇን ይዛ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ጉዳይዋን ለቢሮው ስትሰጥ፣ ስንሻው ደነገጠ። ባልየው በላቸው የእድሩ አባል ነዋ! በየለቅሶው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «የተጠለለችበትን ቤት ካወቅሁ ንፍሮ ስበላ ያመልጠኛል» አለና ጉዳዩን ለወጣቷ ጠበቃ ለምንትዋብ ሰጠ። የቤቱ አድራሻ ያለበት ፋይልም ኮምፒዩተር ውስጥ ተቆለፈ።

ከዚያ ሠራተኛውን ሰብስቦ ደንብ አወጣ። «ስሙ ፋይሉ ላይ የሌለ ሰው አይከፍትም! ስልክም በር ላይ ይቀራል፤ ገጹን ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም። ደንቡ ለሁሉም ነው፣ እኔንም ጨምሮ!» «እኔንም ጨምሮ» ሲል አጨበጨቡለት። ደስ ስላለው ደገመው።

ቀን ሄዶ ቀን መጣ፤ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትቆይ ወይስ ለአባቷ ትሰጥ የሚባልበት የችሎት ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት ምንትዋብ ትኩሳት ይዟት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ስንሻው ሊተካት ሆነ። የሚፈልገው አንዲት ገጽ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ የእናትየዋን ቁስል አይቶ የጻፈውን ማስረጃ። እሷን ካልያዘ ልጅቱ ለአባቷ መሰጠቷ ነው።

«ፋይል ሆይ፣ ተከፈት» አለ።

«ስምህ የለብኝም። ኮምፒዩተሩ ካላዘዘኝ አልከፈትም» አለ ፋይሉ።

«ኮምፒዩተር ሆይ፣ እዘዘው እንጂ! ፋይሉ አልከፈት አለ፣ ችሎቱ ደረሰ!»

«ትርንጎ ስምህን ካላስገባች አላዝም» አለ ኮምፒዩተሩ። ስንሻው ሲገዛው የወደደለት ይህንኑ ግትርነቱን ነበር።

ትርንጎ የቢሮው ጸሐፊ ናት። ሄደና ጠረጴዛዋን ተደገፈ። «ትርንጎዬ፣ ስሜን አስገቢልኝ! ኮምፒዩተሩ አላዝ አለ፣ ፋይሉ አልከፈት አለ፣ ችሎቱ ደረሰ!»

«ጋሼ፣ ጉዳዩን የያዘችው ምንትዋብ እሺ ካላለች አላስገባም። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የእርስዎ» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ።

በቢሮው መደበኛ ስልክ ምንትዋብ ጋ ደወለ። «ምንትዋብ፣ እሺ በያት! ትርንጎ አላስገባ አለች፣ ኮምፒዩተሩ አላዝ አለ፣ ፋይሉ አልከፈት አለ፣ ችሎቱ ደረሰ!»

«ጋሼ፣ የቢሮው ኃላፊ ከእጅ ስልኩ ፈቃድ ካልላከልኝ እሺ አልልም» አለች ምንትዋብ፣ እያሳላት።

«ኃላፊው እኮ እኔ ነኝ!»

«ድምፅማ ማንም ያስመስላል። ‹በድምፅ አትመኑ› ያሉን እርስዎ ነዎት። የሴትየዋ ነፍስ አለበት፣ ጋሼ።»

ስንሻው ስልኩን ዘጋ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ይሉ ነበር አባቱ። እሱ ግን አርቆ ቆፈረ፤ ለቁፋሮውም አስጨበጨበ።

የእጅ ስልኩ በር ላይ፣ ከዘበኛው ከጋሽ ወርዶፋ ሣጥን ውስጥ ነው። ክራቫቱ ወደ ትከሻው ዞሮ እየሮጠ ደረሰ። «ጋሽ ወርዶፋ፣ ስልኬን! ምንትዋብ እሺ አልል አለች፣ ትርንጎ አላስገባ አለች፣ ኮምፒዩተሩ አላዝ አለ፣ ፋይሉ አልከፈት አለ፣ ችሎቱ ደረሰ!»

«ስልክ የሚመለሰው ለወጣ ሰው ነው። እርስዎ ገና ውስጥ ነዎት» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«እኔን አያውቁኝም?»

«እንዴት አላውቅዎትም? ‹እኔንም ጨምሮ› ሲሉ አጥብቄ ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁ?»

ስንሻው እግሩን አየ። እውነትም ከበሩ ወዲህ ነው። «አየህ ስንሻው፣ አዋቂ ነኝ ስትል!» ብሎ ራሱን ሰደበና ከገዛ ቢሮው ወጣ። ጋሽ ወርዶፋም ስልኩን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ስልኩ ላይ ኮምፒዩተሩ የላከው መልእክት ይጠብቀው ነበር። «ስንሻው የተባለ ሰው ፋይሉን ልክፈት ይላል። ሁሉም ገጽ ይፈቀድለት ወይስ የተመረጠ?» ጣቱ ቸኩላ «ሁሉም» ወደሚለው ሄደች። ከዚያ ድንኳኑ ታወሰው፤ አግዳሚው፣ ንፍሮው፣ ጎኑ የሚቀመጠው በላቸው። ስንሻውን ከስንሻው በላይ የሚያውቀው የለም። ራሱን ፈራ። ጣቱን መለሰና የሐኪሙን ማስረጃ ብቻ መረጠ።

ያኔ ስልኩ ፈቃዱን ላከ፣ ምንትዋብ እሺ አለች፣ ትርንጎ ስሙን አስገባች፣ ኮምፒዩተሩ አዘዘ፣ ፋይሉም ተከፈተ፤ አንዲት ገጽ ያህል! ስንሻው ስልኩን ለጋሽ ወርዶፋ መልሶ ገባ፣ ገጿን አሳትሞ ወጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ ችሎት ደረሰ። ዳኛዋ ማስረጃውን አነበቡ፤ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትቆይ ብለው አዘዙ።

እታገኝ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ምነው እንዲህ አላበዎት?» አለችው። የጠዋቱን ሁሉ፣ ከፋይሉ እስከ ዘበኛው፣ ነገራት። በሱ ላይ የሚሳቅበት ወሬ እንኳ ቢሆን ማስቀረት አይችልም።

እሷ ግን አልሳቀችም። «እንኳን አልተከፈተልዎት» አለች።

ሰንበት ብሎ በእድሩ ለቅሶ ሆነ። በላቸው መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ዘግኖ ሰጠው፤ እንባ አቀረረ። «ስንሻው ወንድሜ፣ ቤቷ የት ነው? ልጄን ከሩቅ እንኳ ልያት» አለው።

የስንሻው ሆድ ባባ። ምላሱ እንደ ልማዷ ተነሳች፤ አፉም ተከፈተ። ያችን ቤት ብትፈልግ ብትፈልግ አላገኘቻትም።

«አላውቅም» አለ ስንሻው፤ እውነቱን ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ የስንሻውን አፍ በንፍሮ አብሱ።